መንገድ ላይ የፈሰሰ ውሃ

ሠረገላው የግቢውን በር አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጌታው እግሩን ጭኔ ላይ ዘርግቶ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሪህ የያዘው አውራ ጣቱ አባብጦ ጫማ እምቢ ስላለው፣ በጥጥ ጠቅልዬ ከላዩ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቄለታለሁ። መንኮራኩሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል። ነጂው አዝኖለት ልጓሙን ሳብ ሲያደርግ ግን ጣሪያውን በከዘራው ይደበድባል፤ ቀስ በል ያለህ ማን ነው፣ ንዳው እንጂ፣ ይላል።

እኔ የጡት እህቱ ነኝ። እመቤቲቱ እናቱ ወተት ስላልነበራቸው እናቴ ናት እኔን በአንድ ጡቷ፣ እሱን በሌላው ይዛ ያሳደገችን። ስለዚህ ሰው ፊት «ጌታዬ፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን «አንተ» ነው። አሁንም ሳወራላችሁ «እሱ» ስል ድፍረት አይምሰላችሁ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ መድኃኒቱን የምሰጠው፣ ልብሱን የማወጣለት፣ ሲቆጣም መልሼ የምቆጣው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እኮ አይደፍረውም።

ያን ቀን ምክር ቤቱ በወንዙ ሕግ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ነገሩን ላስረዳችሁ። በዚያ ዘመን ወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ ሁሉ የእንጨት በር ነበረ፤ የበሩን ቁልፍ የያዘ ባላባት ለወደደው ይከፍታል፣ ለጠላው ይዘጋል። ቁልፍ የያዘ በምክር ቤት መንበርም ይይዛል፤ መንበሩም የሚጠራው በበሩ ስም ነው። የእኛ ጌታ «የላይኛው በር» ይባላል፣ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ «የታችኛው በር»። አዲሱ ሕግ ታዲያ ቁልፉ ከባላባት እጅ ወጥቶ አራሾቹ ራሳቸው ለሚመርጡት የውሃ አባት ይሰጥ የሚል ነው። ቁልፉን ያጣ መንበሩንም በዚያው ሰዓት ያጣል። ነጋዴዎቹና ጠበቆቹ ደግፈውታል፤ ባለ በሮቹ «በአባቶቻችን አጥንት» እያሉ ምለው ተቃውመዋል። እኩል ለእኩል ናቸው ይባል ነበር። እኩል ከወጣ ደግሞ ሕጉ ይወድቃል።

ለእኔ ነገሩ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ከጌታው መሬት ላይ የቦዩን ጅራት ተከራይታ ታርሳለች። የቦዩ ጅራት ማለት ሁሉም ጠጥቶ የተረፈው የሚደርስበት ነው። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ባቄላዋ ሳያፈራ በአበባው ደረቀ። ዘንድሮም ከደረቀባት ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ ከተማ የሰው ልብስ አጣቢ ልትሆን ነው። እኔም የልጅ ልጆቼን አላያቸውም ማለት ነው።

ስለዚህ ገና ኮረብታውን ሳንጨርስ ጠየቅሁት። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም።

«ምንድን ነው የምትለው?» አልኩት።

«እዚያ ስንደርስ ትሰሚዋለሽ።»

«ልጄ እኮ...»

«ስለ ልጅሽ አውቃለሁ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እንዴት እንደተቃጠልኩ አትጠይቁኝ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እግሩን በጥጥ ሳይሆን በበርበሬ ነበር የምጠቀልለው። ዕድሜ ልኩን ምክር ቤት ሲመላለስ ለአራሽ የሚጠቅም ነገር በመጣ ቁጥር «አይሁን» እያለ ነው የተመለሰው፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ይመጣል አልኩ በሆዴ። ቀትር ላይ ደወሉ ሲመታ የምክር ቤቱ በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ውጭ ይቀራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዱ ፈረስ ጫማውን ቢጥል ብዬ ተመኝቻለሁ።

ምኞቴ የሰመረው በሌላ መንገድ ነው። በሁለቱ ኮረብታዎች መሃል ካለው ዝቅተኛ ቦታ ስንደርስ ሠረገላው ተንገዳግዶ ወደ አንድ ጎን ዘመመና ቆመ። እኔ ጌታው ላይ ወደቅሁ፤ እግሩን ስነካበት ያወጣውን ቃል እዚህ አልደግመውም። ነጂው ፈረሶቹን ቢገርፍ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ ወይ ፍንክች። መንኮራኩሩ እስከ እምብርቱ ጭቃ ውስጥ ገብቷል።

ጌታው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየ። ዝናብ ከጠፋ ከርሟል፤ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም።

«በዚህ በጋ ጭቃ ከየት መጣ?» አለ።

እኔ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ፊቱን ሳየው የምሩን ነው። ይህ ሰው፣ ያን ሁሉ መሬት የያዘ፣ የገዛ መንገዱን ነገር አያውቅም። አባቱ ደረታቸውን ያማቸው ስለነበር አቧራ ጠላታቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አስልተው ሰው አስገርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሠረገላ ሊወጣ ነው ሲባል በየመንደሩ ያለው ሰው ቀድሞ መንገዱን ውሃ ያርከፈክፋል። ሽማግሌው ከሞቱ ስንት ዘመን ሆነ፤ ተዉ ያላቸው የለም፣ እነሱም አልተዉ። ጌታው ግን ከተማ ውስጥ እንግዳ ሲጋብዝ «የእኔ አገር አፈር ከባድ ነው፣ አቧራ አያነሳም» እያለ ይኩራራ ነበር። እኔ ሁሌም ያውቀዋል ብዬ ነው የማስበው፤ ለካ አያውቅም ኖሯል።

ሰዎቹ ከየማሳው አካፋቸውንና ባልዲያቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። ከፊት የውሃ አባቱ ነበሩ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል፤ ውሃ በተራ ሲያካፍሉ የኖሩ፣ ቁልፉ ግን በእጃቸው ገብቶ የማያውቅ ሽማግሌ ናቸው። እጅ ነሱና በኩራት መናገር ጀመሩ። ጌታ ስለ ውሃው ሊሸንጉ ይሄዳሉ ሲባል ሰምተው እንደ ወትሮው መርከፍከፉ አንሶባቸው፣ ዛሬስ ቅንጣት አቧራ እንዳትነካቸው ብለው ከንጋት ጀምሮ ቦዩን እንዳለ ወደ መንገዱ ለቀውት ነበር። መንገዱ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሠረገላ የሚውጥ እንደሚሆን ማንም አላሰበም። የመጣውም ከፍቅር ነው፤ ምን ይባላል።

ጌታው ጨርሶ ሰማቸው። ከዚያ ተነሳና፣ ተው ብዬ ብጮህም፣ ከሠረገላው ወረደ። የሱፍ ካልሲዬ ጭቃው ውስጥ ገባ። በከዘራው ተደግፎ ቆመና መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ።

«ቦዩን የለቀቃችሁት ከማን ተራ ላይ ነው?» አለ።

የውሃ አባቱ እኔን አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ከሰዎቹ ኋላ ባልዲ ይዛ የቆመች ሴት አየሁ። ልጄ ናት። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆኗል።

«የእኔ ነው» አለች። «ጌታ ስለ እኛ ውሃ ሊናገሩ ሲሄዱ እኛ መንገድ ላይ አቧራ እናብላቸው እንዴ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ምን ልበላት? ልመታትም ፈለግሁ፣ ላቅፋትም ፈለግሁ። ያቺ ተራ ካለፈች ሌላዋ እስክትደርስ ባቄላው አይጠብቃትም። እሷም ታውቃለች እኮ። አውቃ ነው መንገድ ላይ ያፈሰሰችው። ጌታው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን መለሰ። ይቅርታ አላለም፣ አመሰግናለሁም አላለም። በጣም ተናደድኩበት።

ሰዎቹ ከመንኮራኩሩ ሥር እንጨት ሲያስገቡ፣ ሲገፉ፣ ሲወድቁ፣ ሲነሱ ቆዩ። ሠረገላው እየባሰበት ሄደ። ይህን ሲታገሉ ታናሽ ወንድሙ ለአንድ ሰው በተሠራችው ባለ ሁለት መንኮራኩር ሠረገላው ከኋላችን ደረሰ፤ ቀላል ስለሆነች በዳር ባለው ደረቅ ሣር ላይ ይዟት መጣ። የምክር ቤት ካባው ላይ ነጠብጣብ እንኳ የለም። ወንድሙን በካልሲ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲያየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አዘነለት። ሁለቱንም ከልቡ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ግባና ተኛ፣ ወንድምዬ» አለው። «ያላንተም እናሸንፋለን። እኩል እንኳ ቢወጣ የእኛ ነው። ለምን ራስህን ታሠቃያለህ?»

«ሂድ፣ አንተ ቅደም» አለ ጌታው። «መንበሬን ጠብቅልኝ።»

ታናሹ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ብሎን ሄደ። ያን ጊዜ የሰዎቹ እጅ ከመንኮራኩሩ ላይ አንድ በአንድ ሲነሳ አየሁ። ያላንተም እናሸንፋለን ሲባል ሁሉም ሰምቷል። የውሃ አባቱ ከሠረገላው ራቅ አደረጉኝና በሹክሹክታ፣ አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ፣ ያሳደገሽ ቤት ነው፣ ግን በልጅሽ ሞት እውነቱን ንገሪን፣ ይህ ሰው ለማን ነው የሚናገረው፣ ብለው ጠየቁኝ። ለእነሱ ከሆነ የፍግ ጋሪውን በሁለት በቅሎ ጠምደው በአቋራጭ ከቀትር በፊት ያደርሱናል። በእነሱ ላይ ከሆነ ግን ጋሪው ተሰብሯል፣ በቅሎዎቹም ወጥተዋል ብለው፣ እዚሁ ጭቃው ውስጥ አክብረው ያውሉታል።

አላውቅም ብል እውነት ነው። ወደ ጌታው ሄድኩና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ጠየቅሁት።

«ጌታዬ፣ እነዚህ ሰዎች ጋሪ አላቸው። ምን እንደሚሉላቸው ይንገሯቸውና ያድርሱዎት።»

«ቃሌን የምሰጠው ምክር ቤት ነው» አለ። «መንገድ ላይ ለጋሪ ኪራይ አልሰጥም።»

ግትር! ድሮም ልጅ ሆነን ጉልበቱ ተልጦ እየደማ አላለቅስም ብሎ ከንፈሩን ነክሶ ያደማ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ምን ይጎድልበት ነበር? ሰዎቹ እኔን ያያሉ፣ ልጄም ባልዲዋን ይዛ ታየኛለች። ሆዴ ውስጥ ያለው ንዴት አንቺ ዝም በይ፣ እዚሁ ይዋል፣ ይለኛል።

ከዚያ እግሩን አየሁት። ያበጠው እግሩ በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፤ ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ ነው፣ ርቀቱን በእግር ሊሄደው የሚለካው ይመስላል። ወንድሙ ያላንተም እናሸንፋለን ብሎታል። ወገኑ ያለ እሱ የሚያሸንፍለት ሰው በዚህ እግሩ ምን አንከራተተው? የሰው ነገር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለመኩራራት ብቻም ሊሄድ ይችላል፤ አውቀዋለሁ፣ ያደርገዋል። ቢሆንም ቆረጥኩ።

«ጋሪውን አምጡ» አልኳቸው። «ጥፋት ከሆነ በእኔ ነው።»

 የውሃ አባቱ ለልጄ ምልክት ሰጧት፤ በቅሎዎቹን ልትጠምድ ሮጣ ሄደች።

የፍግ ጋሪ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ታጥቦ እንኳ ቢሆን ይሸታል፤ ያ ደግሞ አልታጠበም። ጌታው ጥቁር የምክር ቤት ካባውን ለብሶ ጣውላው ላይ ተዘረጋ፣ እኔ ሁለት እጄን ከጀርባው አድርጌ ያዝኩት። የውሃ አባቱ ራሳቸው ነዱ። አቋራጩ ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ ጋሪዋ ትዘላለች፣ እኛም አብረን እንዘላለን፣ በቅሎዎቹ ያሻቸውን ይረጩብናል። አንድ ጊዜ ሕመሙ ሲበረታበት እጄን ጨበጠኝና ሊሰብረው ደረሰ። ቀስ ይበሉ ልላቸው ስል ቀደመኝ።

«ንዱት» አላቸው። «እኔን አይዩ።»



የከተማው ሰው ቆሞ እስኪያየን ድረስ በዋናው ጎዳና ገባን። ሱቅ በር ላይ የቆሙ ነጋዴዎች አፍንጫቸውን ያዙ፤ አንዷ ሴት ሬሳ የምናመጣ መስሏት አማተበች። ከምክር ቤቱ ደረጃ ስንደርስ ዘቡ በሩን ለመዝጋት እጀታውን ይዞ ነበር። ካባውን አይቶ ቆየልን እንጂ ፊቱንማ በምን ያውቀዋል፤ ጭቃ ነው። ጌታው በእኔና በውሃ አባቱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ ሁለታችንንም ለቀቀንና ብቻውን ገባ። ደወሉ የተመታው ከኋላው በሩ እየተዘጋ ሳለ ነው።

እኛ በጎን በኩል ወዳለው ወደ ሕዝብ ሰገነት ወጣን። ሰገነቱ ላይ ማንም ሰው ተቀምጦ መስማት ይችላል፤ መናገር ግን አይፈቀድም። ከታች አዳራሹ ሰፊ ነው፤ መንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፣ አፈ ጉባኤው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ጌታው መንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግራና ቀኝ ያሉት ካባቸውን ሰበሰቡ። ወንድሙ ብቻ ሳቅ ብሎ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው።

ድምፅ የሚሰጠው በስም እየተጠራ ነው። የተጠራው በሁለት እግሩ ይቆማል፤ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። ተደግፎ የቆመ ድምፁ አይቆጠርም፤ ይህ የአያቶቻቸው ደንብ ነው። ነጋዴዎቹ ተነስተው ይሁን ይላሉ፣ ባለ በሮቹ ተነስተው አይሁን ይላሉ። የውሃ አባቱ ጣታቸውን እያጠፉ ሲቆጥሩ ቆይተው ተሳሳተባቸውና ተዉት። እኔ ከመጀመሪያውም አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ ያ የጭቃ ካልሲ ላይ ነበር።

«የታችኛው በር!»

ታናሹ ቀልጠፍ ብሎ ተነሳ። «አይሁን።»

«የላይኛው በር!»

ጌታው ከዘራውን ለወንድሙ ሰጠው። ወንድሙም ተቀበለው፣ ምን ያውቃል። ጌታው ሁለቱን እጆቹን መንበሩ ላይ ተጭኖ ተነሳ፤ ከዚያ እጆቹን ለቀቀ። የታመመ እግሩን መሬት ላይ ሲያሳርፈው ሰገነቱ ድረስ ትንፋሹ ተሰማ።  የውሃ አባቱ ክንዴን ያዙኝ፤ እኔም የሳቸውን ያዝኩ።

«ይሁን» አለ።

ወንድሙ ከዘራውን እንደያዘ ብድግ አለ። አፈ ጉባኤው የሰሙትን ያመኑ አይመስልም፤ ጎንበስ ብለው የላይኛው በር ይድገም አሉ።

«ሰምታችሁኛል» አለ ጌታው፤ እንደቆመ ነው። «ይሁን ነው ያልኩት።»

ሕጉ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። የውሃ አባቱ ሰገነቱ ላይ ዝም ብለው አለቀሱ፤ ድምፅ ማውጣት አይፈቀድማ። እኔ አላለቀስኩም። ልጄ ቤቷን አትዘጋም፣ የልጅ ልጆቼ እዚሁ ያድጋሉ እያልኩ በሆዴ ደጋገምኩት፤ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

ባለ በሮቹ ደንቡን ያውቃሉ። ቁልፉ ከሄደ መንበሩ ሄዷል፤ አንድ በአንድ ካባቸውን እያወለቁ መንበራቸው ላይ ጥለው ወደ ሠረገላቸው ወጡ። ወንድሙ ከዘራውን መለሰለት። ቀጥሎ የጮኸውን እንኳን ሰገነት ላይ ያለነው፣ ውጭ ያሉ ፈረሶችም ሳይሰሙት አልቀሩም።

«አባታችንን ዛሬ ገደልከው» አለው።

«አባታችን ከሞተ ቆየ» አለ ጌታው። «ለአራሾቹ ያልነገርናቸው እኛ ነን።»

እሱም ካባውን አወለቀ። አጣጠፈውና መንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ጭቃው ስለደረቀበት አልታጠፍ ብሎ አስቸገረው። እንደ ሌሎቹ ወደ ውጭ ይወጣል ብዬ ልቀበለው ብድግ ስል የሰገነቱ ደረጃ ሲንቋቋ ሰማሁ። እያረፈ፣ እያቃሰተ፣ አንድ በአንድ ወጣው። ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት፤ በመሃላችን ጠባቧ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው ቀድመህ ብትነግረን?» አልኩት ጆሮው ሥር። ሰው ፊት መሆናችንን ረስቼ አንተ አልኩት፤ እሱም ልብ አላለውም።

«ብነግራቸው እዚያው እጄን ይስሙኝ ነበር፣ እቴ። እጅ ስመው የተቀበሉት ነገር ደግሞ የእኔ ስጦታ ይሆናል። ልጄ ወይም የወንድሜ ልጅ ነገ ይነጥቃቸዋል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መንገዱን ውሃ እንደሚያጠጡ ግን እውነት አላውቅም ነበር።»

አውቃለሁ እንደማታውቅ፣ አልኩት። 

ከታች አፈ ጉባኤው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ቀጣዩ ጉዳይ አለፉ፤ የአንድ ድልድይ ጥገና ነበር። ከነጋዴዎቹ አንዱ ተነስቶ ድልድዩ ያለበትን ቦታ ጨርሶ አሳስቶ ተናገረ። ጌታው ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። ዕድሜውን ሙሉ እንደለመደው በከዘራው ወለሉን መታና ተነሳ።

«አፈ ጉባኤ! እዚያ ላይ ድልድይ የለም...»

የሰገነቱ ዘብ በፍጥነት መጣ። ወጣት ነው፤ ማንነቱን ያወቀ አልመሰለኝም፤ ያየው ፍግ ፍግ የሚሸት፣ በካልሲ የቆመ ሽማግሌ ነው። ክፉ አልተናገረውም። እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ ወደ አግዳሚው ዝቅ አደረገው።

«አባት፣ እዚህ መስማት እንጂ መናገር አይፈቀድም።»

የውሃ አባቱ ደንግጠው ሊነሱ አሉ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ይህን ልጅ ልክ ልኩን ልነግረው ነበር። ጌታው ሁለታችንንም በእጁ ያዘን። ታች የቀረውን ባዶ መንበሩን አንድ ጊዜ አየና ወደ ዘቡ ቀና አለ።

«እሺ» አለ።